ሜቲሌሽን፦ የቃሉ ፍችና ሳይንሳዊ አገልግሎቱ በቆቦ የማሽላ ማሳና በአቀንጭራ ማሳያነት

አሕጽሮተ ጽሑፍ

«ሜቲሌሽን» የሚለው የኬሚስትሪ ቃል በግብርና፣ በሥነ ሕይወትና በምግብ ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ጽሑፎች ውስጥ እየተዘወተረ መጥቷል። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ የሚያመለክታቸው ድርጊቶች ግን ይለያያሉ፤ በጠርሙስ ውስጥ የሚካሄድ ውሕደት፣ በተክል ሥር ውስጥ ኢንዛይም የሚፈጽመው ግንባታ፣ በዲኤንኤ ላይ የሚቀመጥ ምልክት ሁሉም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ የቃሉን ምንጭና ፍች ካስቀደመ በኋላ፣ በራያ ቆላ ማሽላና አቀንጭራ መካከል ባለው የኬሚስትሪ ግንኙነት ላይ ተመሥርቶ ቃሉ የት በትክክል እንደሚገባና የት እንደማይገባ ይመረምራል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሜቲሌሽን፣ ማሽላ፣ አቀንጭራ፣ ሶርጎሊዮን፣ ስትራይጎላክቶን፣ ዲኤንኤ፣ ቆቦ

መነሻ

ከቆቦ ከተማ ወደ ደቡብ በሮቢትና በጎብዬ በኩል፣ ወደ ሰሜን ደግሞ በዋጃ በኩል የሚዘረጋው ሜዳ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተምዕራብ የደጋው ግርጌ ያቀፉት ሰፊ ቆላ ነው። የሜዳው ዋና ሰብል ማሽላ ነው፤ ጤፍ ይከተለዋል። ዝናቡ በበልግና በክረምት የተከፈለ በመሆኑ፣ በልጉ ሲቀር ገበሬው እንደ ደጋሊት ያለውን ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ትቶ ቶሎ ወደሚደርስ ዘር ወይም ወደ ጤፍ ይዞራል፤ ከደጋው የሚወርደውንም ጎርፍ ወደ ማሳው እየጠለፈ ያጠጣል። እርጥበቱ ተገኝቶ ማሽላው ከቆመ በኋላ ግን ሌላ ጠላት ከአፈር ውስጥ ይጠብቀዋል። ሐምራዊ አበባው በማሽላው እግር ሥር ብቅ ሲል አቀንጭራ መኖሩ ይታወቃል፤ በዚያን ጊዜ ግን ጥገኛው ሥሩ ላይ ከተጣበቀ ሳምንታት አልፈዋል፣ የጉዳቱም ከፍተኛ ድርሻ ተፈጽሟል። በዚያ ሰዓት ማረም የሚጠቅመው ከያዝነው ዓመት ይልቅ የሚመጣውን ዓመት ነው።

አንድ የአቀንጭራ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ይበትናል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የሚበቅለው በእርጥበት ከሰነበተ በኋላ፣ ያውም በአቅራቢያው ካለ ሥር የሚወጣ የኬሚካል ምልክት ሲደርሰው ነው። በቅሎ ሥር ካላገኘ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ የተንጠለጠለው በከፊል በጥቂት ሚሊ ሜትር አፈር ውስጥ በሚካሄድ ኬሚስትሪ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ርእስ የሚጽፍ ተማሪ «የዚህ ዝርያ ተቋቋሚነት በሜቲሌሽን ምክንያት የመጣ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊያሰፍር ይችላል። ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን አንባቢው ምን ላይ፣ በምን፣ በየትኛው አቶም ላይ እንደሆነ ስለማያውቅ ሊፈትነው አይችልም። ሊፈተን የማይችል ዐረፍተ ነገር ደግሞ ለዘር መረጣ መመሪያ ሊሆን አይገባውም።

የቃሉ ምንጭና ፍች

«ሜቲል» የሚለው ስም የተወለደው በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ ነው። ዣን ባፕቲስት ዱማና ዩጂን ፔሊጎ እንጨት በአየር እጦት ሲቃጠል የሚገኘውን መንፈስ፣ ማለትም ዛሬ ሜታኖል የምንለውን ፈሳሽ ሲመረምሩ፣ ከግሪክኛው «ሜቲ» (የወይን መጠጥ) እና «ሂሌ» (እንጨት) አጣምረው «ሜቲሊን» አሉት፤ «ሜቲል» ከዚያ ተቆርጦ ወጣ። በነገራችን ላይ «ሂሌ» በይበልጥ ዱርንና ጥሬ ቁስን የሚያመለክት ቃል ስለሆነ ምርጫው ከመጀመሪያውም ሙሉ በሙሉ የተሳካ አልነበረም። ስሙ ግን ጸና።

በዛሬው ፍች ሜቲል ማለት አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ያሉት የአቶሞች ቡድን ነው። ሜቲሌሽን ደግሞ በአንድ ሞለኪውል ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በሃይድሮጂን ምትክ፣ ይህን ቡድን ማስገባት ነው። የሚገባው ቡድን 15 የክብደት አሐድ አለው፤ የሚወጣው ሃይድሮጂን 1 ነው፤ ስለዚህ ሞለኪውሉ በ14 ይከብዳል። ማረፊያው ኦክስጅን፣ ናይትሮጅን፣ ድኝ ወይም ካርቦን ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱም እንደ ማረፊያው ይለያያል። በኦክስጅን ላይ ያረፈ ሜቲል የሞለኪውሉን ውሃ ወዳድነት ይቀንሳል፣ ከኦክሳይድ መሆንም ሊከላከለው ይችላል። በናይትሮጅን ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሪካዊ ሙሊቱን ጭምር ሊለውጥ ይችላል።

እዚህ ላይ በቤተ ሙከራ የተለመደ አንድ አሳሳች ስም አለ። «ሜቲሌትድ ስፒሪት» የሚባለው ፈሳሽ ሜቲሌሽን የተካሄደበት ነገር አይደለም። ሰው እንዳይጠጣው ሜታኖል የተቀላቀለበት ኢታኖል ነው፤ በሁለቱ መካከል አንድም አዲስ ትስስር አልተፈጠረም። መቀላቀልና መታከል አንድ አይደሉም።

በአማርኛ ስንጽፍ ስሙን «ሜቲሌሽን» ብሎ መተው፣ ግሡን ግን «ሜቲል ታከለበት» ማለት የተሻለ ይመስለኛል። «ሜቲሌት ተደረገ» ከሚለው ይልቅ ይህኛው ጸሐፊውን «ምን ላይ?» የሚል ጥያቄ እንዲመልስ ያስገድደዋል፤ አማርኛው «በት» የምትለዋን ቅጥያ በከንቱ አያስገባምና።

ሜቲል የሚሰጠው ማን ነው?

በጠርሙስ ውስጥ ሜቲል ሰጪዎቹ እንደ ሜቲል አዮዳይድ፣ ዳይሜቲል ሰልፌትና ሜቲል ብሮማይድ ያሉ ውሑዶች ናቸው። እነዚህ ሁሉ መርዞች ናቸው፤ መርዝነታቸውም በአብዛኛው ከዚሁ ከሰጪነታቸው የሚመነጭ ነው፤ ያለ ምርጫ የሕዋስን ፕሮቲንና ዲኤንኤ ሜቲል ያሸክማሉና። የአቀንጭራ ታሪክ ይህን ይነካል። የአቀንጭራ ዘመድ የሆነ ጥገኛ አረም በ1956 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በካሮላይና ግዛቶች ከተገኘ በኋላ በተካሄደው የማጥፋት ዘመቻ፣ የአፈር ውስጥ ዘሩን ለመግደል ከዋሉት ነገሮች አንዱ ሜቲል ብሮማይድ ነበር፤ ሌላው ዘሩን ያለ አስተናጋጅ አብቅሎ የሚያስቀረው የኢቲሊን ጋዝ ነው። ሜቲል ብሮማይድ የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ በመሆኑ በሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ከመደበኛ የግብርና አገልግሎት እንዲወጣ ተደርጓል። ለቆቦ አርሶ አደርማ ከመጀመሪያውም በዋጋም በአሠራርም የሚታሰብ መፍትሔ አልነበረም።

ሕያው ሕዋስ የሚጠቀመው ሰጪ ሌላ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጁሊዮ ካንቶኒ የለየው ኤስ-አዴኖሲልሜታዮኒን የተባለው ሞለኪውል ከሜታዮኒንና ከኤቲፒ የሚሠራ ሲሆን፣ ሜቲሉን በድኙ ላይ ተሸክሞ ይዞራል። ሜቲል አሻጋሪ ኢንዛይሞች ከእርሱ ተቀብለው በተመረጠ ሞለኪውል በተመረጠ አቶም ላይ ያኖሩታል። ሜቲሉን የሰጠው ቅሪት ካልተወገደ ኢንዛይሞቹን መልሶ ያግዳል። ከጠርሙሱ ኬሚስትሪ የሚለየው ምርጫው ነው።

በማሽላ ሥር ላይ፦ ሶርጎሊዮን

በማሽላ ረገድ ቃሉ ሙሉ መብት ያለው እዚህ ላይ ነው። ወጣት የማሽላ ሥር በእርጥብ ወረቀት ላይ ሲበቅል በሥሩ ጸጉሮች ጫፍ ወርቅማ ቢጫ ጠብታዎች ይታያሉ። የጠብታው ዋና ክፍል ሶርጎሊዮን ይባላል፤ በ1986 (እ.ኤ.አ.) ኔትዝሊና በትለር ለይተው የገለጹት ነው። ረጅም የስብ ጅራት ያለው ኪኖን ሲሆን በቀለበቱ ላይ አንድ የሜቶክሲ ቡድን፣ ማለትም ሜቲል የታከለበት ኦክስጅን አለ። የሌሎችን አረሞች ፎቶሲንተሲስ ያውካል፤ በአፈር ውስጥ አሞኒየምን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎችንም ይገታል።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል ዛሬ በሚገባ ታውቋል። የስብ አሲዱ መጀመሪያ ድርብ ትስስሮች ይሠሩበታል፤ ቀጥሎ የአልኪልሬዞርሲኖል ሠሪ ኢንዛይሞች በጫፉ ቀለበት ይዘጉለታል፤ ከዚያ ኦኤምቲ3 የተባለው ሜቲል አሻጋሪ ከቀለበቱ ሁለት ኦክስጅኖች በአንዱ ላይ ሜቲል ያክልበታል፤ በመጨረሻ አንድ የፒ450 ኢንዛይም ተጨማሪ ኦክስጅኖች አስገብቶ ዳይሃይድሮሶርጎሊዮንን ያስገኛል። ይህ የመጨረሻው ውጤት ከሥሩ ወጥቶ አየር ሲነካው ኦክሳይድ ሆኖ ሶርጎሊዮን ይሆናል።

ጉዳዩ ከአቀንጭራ ጋር የሚገናኘው በዚህች የኦክሳይድ እርምጃ ነው። በዚያው በ1986 (እ.ኤ.አ.) ቻንግ፣ ሊንና ባልደረቦቻቸው ይህ ኦክሳይድ ያልሆነው ቅርጽ የአቀንጭራን ዘር እንደሚያበቅል፣ ኦክሳይድ ሲሆን ግን ይህን ኃይሉን እንደሚያጣ አሳዩ። ሐሳቡ ማራኪ ነበር። ምልክቱ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ከሥሩ ርቆ አይሄድም፤ ስለዚህ የሚበቅለው ዘር ሥሩን ሊደርስበት የሚችል ቅርብ ዘር ብቻ ይሆናል። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ፌትና ሊን ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ ሜቲሌሽኑ ራሱ የዚህን ምልክት የመጠን ቁልቁለት፣ በዚያም በኩል ጥገኛው በሥሩ ዙሪያ የሚሰፍርበትን ክልል በመወሰን ረገድ ወሳኝ ነው ብለው ተከራከሩ። አንድ ሜቲል በአንድ ኦክስጅን ላይ መኖሩ በሚሊ ሜትር የሚለካ ርቀትን ይወስናል ማለት ነው።

ይህ ውብ ማብራሪያ ግን በማሳ ላይ ዋናውን ሚና አላገኘም። ሶርጎሊዮን በብዛት የሚያወጡና ጥቂት የሚያወጡ ማሽላዎች በአቀንጭራ መጠቃታቸው ከመጠኑ ጋር በወጉ አልተያያዘም፤ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ከማሽላ ሥር ሶርጎላክቶን መገኘቱ ከታወቀ ወዲህም ትኩረቱ ስትራይጎላክቶን ወደሚባሉት ውሑዶች ዞሯል። እነዚህ እጅግ በአነስተኛ መጠን ዘሩን ያበቅላሉ። እኔ ግን የሶርጎሊዮን ታሪክ ለተማሪ መማሪያነቱ ከትክክለኛ መልስ ያልተናነሰ ይመስለኛል፤ ሜቲሌሽኑ እውነት ነው፣ ኢንዛይሙ እውነት ነው፣ የማሳው ተቋቋሚነት ምክንያት ግን ሌላ ቦታ ሆኖ ተገኘ።

ሜቲሌሽን ያልሆነው

በ1992 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ የተለቀቁት ጎብዬና አብሺር፣ ቀጥሎም ብርሃን አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ናቸው። የመጀመሪያው በስም ከቆቦ አጠገብ ካለችው ከተማ ጋር አንድ ነው። ጎብዬና አብሺር ከሱዳኑ ኤስአርኤን39 የወረሱት ባሕርይ ሥራቸው የአቀንጭራን ዘር አሳንሶ የሚያበቅል መሆኑ ነው። በዚህ የማዳቀል ሥራ ትልቁን ድርሻ ያበረከቱት፣ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው።

የባሕርዩ ዘረ መል ምን እንደሆነ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ዳንኤል ጎበናና ባልደረቦቹ፣ ገቢሳ ኤጄታን ጨምሮ፣ አስታወቁ። ኤልጂኤስ1 የተባለው ይህ ዘረ መል የሚሠራው ኢንዛይም ሜቲል አሻጋሪ አይደለም፤ ሰልፌት አሻጋሪ ነው። ዘረ መሉ ሲጠፋ ሥሩ የሚያወጣው ዋና ስትራይጎላክቶን ከ5-ዲኦክሲስትራይጎል ወደ ኦሮባንኮል ይለወጣል፤ ኦሮባንኮል ደግሞ ለአቀንጭራ ደካማ ቀስቃሽ ነው። በሰልፌትና በሜቲል መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ክርክር አይደለም። ሰጪው ሞለኪውል ይለያል፣ ኢንዛይሙ ይለያል፣ በመለኪያ መሣሪያ የሚታየው የክብደት ለውጥ (80 ከ14 አንጻር) ይለያል። በመግቢያው ላይ የጠቀስኩትን ዓረፍተ ነገር ስለ ጎብዬ የሚጽፍ ሰው የተሳሳተ ዘረ መል ይፈልጋል፤ አዳቃዩም በተሳሳተ ምልክት ዘር ይመርጣል።

በአንጻሩ በዚያው ማሳ አጠገብ በሚዘራው በቆሎ ነገሩ ይገለበጣል። በቆሎ ካርላክቶኖይክ አሲድ በተባለው መካከለኛ ውሑድ ላይ በሜቲል አሻጋሪ ኢንዛይም ሜቲል ያክልበታል፤ የራሱ የሆኑት ዚያላክቶንና መሰሎቹ የሚሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አቀንጭራን በተሻለ የሚቋቋም በቆሎ ከእነዚህ ይልቅ ደካማ ቀስቃሽ የሆኑ ስትራይጎላክቶኖችን እንደሚያወጣ አሳይቷል። ስለዚህ «ስትራይጎላክቶን» እና «ሜቲሌሽን» የሚሉት ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መግባታቸው ስለ በቆሎ ትክክል፣ ስለ ማሽላ ዋና መንገድ ግን ስሕተት ሊሆን ይችላል።

በመለኪያው ላይ የሚደበቁ ሁለት ወጥመዶች

የመጀመሪያው በማሟሟት ላይ ነው። የሥር ፈሳሽ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው በሜታኖል ነው፤ ካርቦክሲሊክ አሲድ ያለበት ሞለኪውል በሜታኖል ውስጥ፣ በተለይ ጥቂት አሲድ ሲጨመርበት፣ ራሱ ሜቲል ኤስተር ይሆናል። ተማሪው የሚያየው 14 የክብደት ልዩነት እውነተኛ ነው፤ የተፈጠረው ግን በጠርሙሱ ውስጥ እንጂ በማሽላው ውስጥ አይደለም። ያንኑ ሥር በአሴቶን ወይም በኢታኖል አሟሙቶ ጫፉ ይኖር እንደሆነ ማየት፣ ወይም ሃይድሮጂኖቹ በዲዩቴሪየም የተተኩ ሜታኖል መጠቀም ይህን ይለያል፤ በሁለተኛው ሜቲሉ ከማሟሟያው የመጣ ከሆነ ጫፉ በ14 ሳይሆን በ17 ይርቃል። ሆን ተብሎ የሚደረገው የስብ አሲዶች ሜቲል ኤስተር ዝግጅት፣ ማለትም የማሽላን ቅባት በጋዝ ክሮማቶግራፊ ለመለካት የሚካሄደው፣ ይህንኑ ኬሚስትሪ ለጥቅም የሚያውል ነው፤ ስለዚህ ሥራው አዲስ አይደለም፣ ሳይታሰብ መፈጸሙ ነው ችግሩ።

ሁለተኛው በፕሮቲን ላይ ያለ ነው። በአንድ ላይሲን ላይ ሦስት ሜቲል ሲታከል የክብደቱ ለውጥ 42.047 ነው፤ አንድ የአሴቲል ቡድን ሲታከል ደግሞ 42.011። ዝቅተኛ የመለየት ኃይል ባለው መሣሪያ ሁለቱም «42» ሆነው ይነበባሉ። በክሮማቲን ላይ ግን አሴቲሌሽን በአብዛኛው ዘረ መልን ከማንቃት ጋር ሲያያዝ፣ ሦስት ሜቲል እንደ ላይሲኑ ቦታ ማንቂያም ማፈኛም ሊሆን ይችላል። የመሣሪያውን የመለየት ኃይል ሳይጠቅሱ «ሜቲሌሽን ተገኝቷል» ብሎ መጻፍ እንግዲህ ግማሽ ውጤት ነው።

በዲኤንኤ ላይ፦ ድርቅን «ያስታውሳል» ወይ?

ዛሬ ቃሉ በብዛት የሚነሳው በዚህ ትርጉሙ ነው። በዲኤንኤ ሳይቶሲን አምስተኛ ካርቦን ላይ ሜቲል ሲታከል የፊደል ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ አነባበቡ ግን ሊለወጥ ይችላል። በእንስሳት ይህ በአብዛኛው ከጉዋኒን ጎን ባለ ሳይቶሲን ላይ ሲወሰን፣ ተክሎች በሌሎች ጎረቤቶች መካከል ባሉ ሳይቶሲኖችም ላይ ያኖሩታል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የታተመው የማሽላ ጂኖም 730 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ያሉት ሲሆን ከግማሽ በላዩ ተደጋጋሚ ቅደም ተከተል ነው፤ የዲኤንኤ ሜቲሌሽንም ጥቅጥቅ ብሎ የሚገኘው በእነዚህ ተደጋጋሚዎች ላይ ነው፤ ከቦታ ቦታ እንዳይዘሉ ያፍናቸዋል። ምልክቱ ለትውልድ ሊተላለፍ እንደሚችልም የታወቀ ነው፤ ሊኔየስ በ1744 (እ.ኤ.አ.) የገለጸው የሊናሪያ አበባ ያልተለመደ ቅርጽ በፊደል ለውጥ ሳይሆን በአንድ ዘረ መል ሜቲሌሽን የመጣ መሆኑ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ታይቷል።

ከዚህ በመነሣት የቆቦ ደጋሊት ወይም ጅጉርቴ ለብዙ ትውልድ ድርቅን ስላሳለፈ ልምዱ በዲኤንኤው ላይ በሜቲል ተጽፏል የሚል መላ ምት ማቅረብ ቀላል ነው። መላ ምቱ ሊፈተን የሚገባው እንጂ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሊጸዳ የሚገባው ሌላ ማብራሪያ ከፊቱ ቆሟል። ከአበባ በኋላ በሚመጣ ድርቅ ቅጠሉን አረንጓዴ አድርጎ የሚያቆየው ቢቲኤክስ642 የተባለው የማሽላ መስመር የተገኘው ከኢትዮጵያ ነባር ማሽላ ነው፤ ባሕርዩም በጂኖሙ ላይ በታወቁ ቦታዎች እንደ ተራ ዘረ መል ይወረሳል። የኢትዮጵያ ማሽላ ድርቅን መቋቋሙ በፊደሉ የተጻፈ መሆኑ፣ ቢያንስ በዚህ ባሕርይ፣ አስቀድሞ ተረጋግጧል ማለት ነው።

ችግሩን የሚያጠነክረው የመለኪያው ጠባይ ነው። የቢሰልፋይት ዘዴ ሜቲል የሌለበትን ሳይቶሲን ወደ ዩራሲል ይለውጠዋል፤ በንባብ ጊዜ ቲሚን ሆኖ ይታያል፤ ሜቲል ያለበት ሳይቶሲን ሳይለወጥ ይቀራል። እንግዲህ የደጋሊት ንባብ ከአሜሪካኑ ማጣቀሻ ጂኖም ጋር ሲነጻጸር፣ ደጋሊት በተፈጥሮው በዚያ ቦታ ቲሚን ያለው ከሆነ፣ መርሐ ግብሩ «ሜቲል የለበትም» ብሎ ይመዘግባል። የዘር ልዩነት የሜቲሌሽን ልዩነት መስሎ ይቀርባል። ነባር ዘር ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ማሽላ በአብዛኛው ራሱን ቢያዳቅልም ከጎረቤት የሚቀበለው የአበባ ብናኝ ጥቂት አይደለም፤ በአንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ያለው ደጋሊት የብዙ መስመሮች ቅልቅል ሊሆን ይችላል። የመለወጡ ሂደት በከፊል ሲቀር ደግሞ ሐሰተኛ ሜቲሌሽን ይታያል፤ በአብዛኛው ሜቲል የሌለበት የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ በዚያው ናሙና ውስጥ ስላለ የመለወጡን ምጣኔ ለመለካት ያገለግላል፤ በጽሑፉም ውስጥ ቁጥሩ መጠቀስ ይኖርበታል።

በቆቦ ሁኔታ ላይ የሚሠራ ሰው እንግዲህ ከገበያ ወይም ከጎተራ በተገዛ ዘር አይጀምርም። ከአንድ ራስ የተወሰደ ደጋሊት ለብዙ ትውልድ በከረጢት ተሸፍኖ ራሱን እንዲያዳቅል ይደረጋል፤ የዚያ መስመር ዲኤንኤ ያለ ቢሰልፋይት በቅድሚያ ተነቦ የራሱ ማጣቀሻ ይሆናል። ከዚያ እኅትማማች ተክሎች ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሹ ይጠጣል፣ ግማሹ በአበባ ሰዓት ውሃ ይከለከላል። የሁለቱም ልጆች፣ ከዚያም የልጅ ልጆች፣ ጎን ለጎን በአንድ ዓይነት ውሃ ይበቅላሉ። ቢሰልፋይቱ የሚገባው በልጅ ልጆቹ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በልጆቹ ላይ የሚታየው ልዩነት እናቲቱ በተጠማችበት ወቅት በፍሬው ላይ ካሳደረችው ተጽእኖ፣ ለምሳሌ ከዘሩ መክሳት፣ የመጣ ሊሆን ይችላልና።